ዶክተሮቹ ያደነቁት ጥያቄ

በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ነገሮች ሁሉ ብዙ ሰው ያጨበጨበለት ግጥም አይደለም። በቁራጭ ወረቀት ላይ የጻፍኩት ጥያቄ ነው። ካጨበጨቡት መካከል ሁለቱ የሕግ ምሁራን ነበሩ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ፤ እነሱን መናቄ ግን ከማፈሬ ይበልጣል።

ጊዜው በሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ዳር፣ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ታክሲ ነጂ ጋር ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተጋርተን እንኖር ነበር። እኔ ቀን ቀን ኤርፖርት አካባቢ የኪራይ መኪና አጥባለሁ፤ በተረፈው ጊዜ እጽፋለሁ። እሱ በሃያ ዓመት ይበልጠኛል፤ ጋሼ እለው ነበር። እሱ ደግሞ "ገጣሚው" ይለኛል። ሥራ ፈት ሊለኝ ሲፈልግም የሚጠራኝ በዚሁ ነው።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ሁለት ፖሊሶች በራችንን አንኳኩ። የሚፈልጉት ከእኛ በፊት በዚያ ቤት ይኖር የነበረ ሰው ነው። "እዚህ የለም" ብሎ መዝጋት ይበቃ ነበር። ጋሼ ግን ሰው ደጅ አቁሞ የሚያናግር ዓይነት አይደለም። "ካም ኢን! ካም ኢን!" ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላቸው፤ ወንበር ሳበላቸው። ቤቱን ዞር ዞር ብለው ቢያዩ ቅር ይለው እንደሆነ ሲጠይቁት ቤቱ ቤታችሁ ነው አላቸው። ሻይ ቀዳላቸው። የሻይ ብርጭቆውን ያስቀመጠላቸው በፖስታ ከተላከለት የደረቀ ጫት ከረጢት አጠገብ ነበር።

ማታ ይህን የነገረኝ ከእስር ቤት የደወለለት ሌላ ጓደኛው ነው፤ ጋሼ ታስሮ አድሮ በዋስ የወጣው በማግስቱ ነው። እኔም ከራሱ አፍ ለመስማት እንደገና ጠየቅኩት።

"ይሄ ምንድን ነው ሲሉህ ምን አልካቸው?"

"ጫት ነው አልኳቸው። ቅጠል ነው፤ ቅመሱ።"

"ቅመሱ አልካቸው?"

"ታዲያ እንግዳ አስቀምጬ ብቻዬን ልቃም?"

እዚህ አገር ጫት ውስጥ ያለው ነገር የተከለከለ ዕፅ ነው። ጋሼ በዕፅ ይዞታ ተከሰሰ። መንግሥት የመደበለት ጠበቃ፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ፈረንጅ ነው፣ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ጥሩ ስምምነት አገኘሁልህ አለው፦ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ፈርም፤ አትታሰርም፤ አንድ ዓመት በሰላም ከቆየህ ክሱ ይሰረዛል፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል። ፊርማው በሚመጣው ሰኞ ጠዋት ነው።

ጋሼ ግን እንቅልፍ አጣ። ዜጋ አይደለም፤ ያለው ግሪን ካርድ ነው። የሚስቱና የልጁ የመምጫ ጉዳይ አዲስ አበባ ኤምባሲ ደርሶ ቃለ መጠይቅ ይጠበቅ ነበር። አንድ ሌላ ነጂ "በዕፅ የፈረመ ሰው ካገር ይባረራል" ብሎ አስፈራርቶታል። ሌላው ደግሞ "ተሰረዘ ማለት ተሰረዘ ነው፤ ምን ያስፈራሃል?" ብሎታል።

"እሷ ስትመጣ እኔ ስመለስ አየር ላይ እንተላለፋለን" አለኝ። "በመስኮት እጄን አወዛውዝላታለሁ።"

በዚያው ሰሞን በአበሻ ሱቆች በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። "ሕገ መንግሥትና የዜጎች መብት፤ በአገር ቤትና በአሜሪካ" ይላል። ከዋሽንግተን አንድ ዶክተር፣ ከካሊፎርኒያ አንድ ፕሮፌሰር ይመጣሉ፤ ሁለቱም የሕግ ምሁራን ናቸው። ቀኑ ቅዳሜ፣ መግቢያው በነጻ። አዘጋጆቹ እኔንም መክፈቻ ላይ ግጥም እንዳነብ ጠይቀውኝ ነበር። ለጋሼ ስነግረው እነሱን እጠይቃለሁ ብሎ ልብሱን አርብ ማታውኑ ተኮሰ።

ፕሮግራሙ በስምንት ሰዓት ይጀመራል ተብሎ ለአስር ሃያ ጉዳይ ሲል ተጀመረ። ግጥሜን ያነበብኩት ከዚያ በፊት ነው። አዳራሹ እስኪሞላ ማሟሟቂያ እንዲሆን ተብሎ፣ ለባዶ ወንበሮችና ማይክ ለሚያስተካክለው ሰውዬ አነበብኩ። ሰውዬው መሀል ላይ "ትንሽ ጠጋ በል፤ ድምፅህ ይቆራረጣል" አለኝ። በግጥሜ ላይ እስካሁን የተሰጠ ሐቀኛ አስተያየት እሱ ብቻ ነው።

ምሁራኑ ገቡ። ዶክተሩ ሰፊ ክራባት ያሰረ፣ ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። ፕሮፌሰሩ ቀጭን ነው፤ እሱ ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን ሰው የሚያስጠላው ይመስላል። የተጣሉት በመግቢያው ነው፤ የሕገ መንግሥት መግቢያ እንደ ሕግ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚለው። አንዱ "የተከበሩ ወዳጄ ያነሱት ነጥብ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ይሁን እንጂ" ሲል ሌላው ደደብ መባሉ ገብቶት ብዕሩን ያነሳል። "ኢንተርፕሬት ስናደርገው" ይላል ዶክተሩ። "ኢንተርፕሬት ከማድረጋችን በፊት ዲፋይን እናድርገው" ይላል ፕሮፌሰሩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዲፋይን አደረጉት። ፊት ለፊት የተቀመጡት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የገባው ሰው እንዲህ አይነቀንቅም፤ ወይ ይስቃል፣ ወይ ይቆጣል።

አንዴ ብቻ ወደ እኛ ቀረቡ። ዶክተሩ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሰውን በቤቱ ከመፈተሽ ይጠብቃል፣ የሰው ቤት ቤተ መንግሥቱ ነው አለ። ጋሼ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

"ምን አለ?"

"ቤትህ ቤተ መንግሥትህ ነው አለ።"

"በቤተ መንግሥት ለእንግዳ ሻይ አይቀርብም?"

"ዝም በል፣ ሊደርስበት ነው" አልኩት። አልደረሰበትም። ወደ መግቢያው ተመለሰ።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ የመድረክ መሪው ተነሣ። በሳምንቱ ቀናት ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰው ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ጥያቄ የሚቀርበው በጽሑፍ ብቻ ነው ብሎ ቁራጭ ወረቀት አስበተነ። በእኛ ስብሰባ ይህ የታወቀ ዘዴ ነው፤ መሪው የፈለገውን ያነባል፣ ያልፈለገውን ኪሱ ይከታል።

"አንተ ጻፈው" አለኝ ጋሼ። "ቃል የምታውቅ አንተ ነህ።"

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ጫት የሚለውን ቃል መጻፍ አፈርኩ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ፊት ጋሼን ማዋረድ መሰለኝ፤ ነገርን ገልጦ መናገር ድፍረት ነው፣ ሸፈን ማድረግ ጨዋነት ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። በዚያ ላይ እውነቱን ለመናገር፣ ግጥሜን ባዶ ወንበር ስለሰማው ተቃጥዬ ነበር። ይህን የጻፈ ማን ነው እንዲሉ ፈለግኩ። እናም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "እንግዳን በክብር ተቀብሎ በሩን የከፈተ ሰው፣ ስለ ደግነቱ በገዛ ደጁ መብቱን ቢነጠቅ፣ ሕግ ከደጁ ቆሞ ይጠብቀዋል ወይስ ከእንግዳው ጋር ገብቶ ይፈርድበታል?"

መሪው አነበበው። አዳራሹ አጨበጨበ። ዶክተሩ ዓይኑን ገለጠ። "ድንቅ! ይህን የመሰለ ጥያቄ በትልልቅ ጉባኤዎችም አልገጠመኝም" አለ። ፕሮፌሰሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማ፤ እሱም አጨበጨበ። ጆሮዬ ጋለ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ከዚያ መመለስ ጀመሩ። ዶክተሩ ስለ ተፈጥሮ ሕግ ተናገረ። ፕሮፌሰሩ የእንግዳ ክብር በጥንት ሕዝቦች ዘንድ ምን ይመስል እንደነበር ዘረዘረ። ጋሼ ጉልበቴን ነካኝ።

"ልፈርም ነው አልፈርም?"

"ገና አልደረሱበትም።"

"አሁን የት ናቸው?"

"ሮም።"

ሮምን ጨርሰው ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። መሪው ሰዓቱን አይቶ "ጊዜያችን ስላለቀ ወደ አቋም መግለጫው እናልፋለን" ሲል ጋሼ ከአጠገቤ ተነሣ።

"ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ጥያቄ በጽሑፍ ነው" አለ መሪው።

"በጽሑፍ ነበር። ያ ያጨበጨባችሁለት የእኔ ነው" አለ ጋሼ። ማይክ አልነበረውም፤ ግን ታክሲ ነጂ ነው፣ ከመንገድ ማዶ ሰው መጥራት ይችላል። "እኔ እንደዚያ አላወራም። ጫት ይዘውብኛል። ሰኞ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ፈርም፣ በዓመቱ ይሰረዛል ብለውኛል። ልፈርም አልፈርም? ይኸው ነው።"

አዳራሹ ፈረሰ። ከኋላ ያሉት ወጣቶች ሳቁ፤ አንዱ "ጋሽዬ፣ ለምርቃና የሚሆን ተረፈ?" አለ። ከፊት አንዲት እናት "በስመ አብ! እዚህ አዳራሽ ጫት?" ብለው አማተቡ። መሪው የራሱን ማይክ ዘጋ፤ ለምን እንደዘጋው እሱም አያውቅም፣ ጋሼ የሚናገረው ያለ ማይክ ነው።

"ይህ የግለሰብ ጉዳይ ነው" አለ ዶክተሩ። "እኛ የተሰበሰብነው ስለ መብት በመርህ ደረጃ ለመወያየት ነው። የግል ምክር መስጠት ለሙያው ክብር..."

"ዜጋ ነህ?" አለ ፕሮፌሰሩ አቋርጦት።

"አይደለሁም። ግሪን ካርድ ነው።"

"እንግዲያው አትፈርም። እዚህ ፍርድ ቤት ቢሰረዝም ለኢሚግሬሽን አይሰረዝም። ጥፋተኛ ነኝ ካልክ እነሱ ዘንድ አለቀ። መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር።"

ይኸው ነው። ይህን ለመስማት ወደ ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ተቀምጠናል።

ስብሰባው ሲበተን ፕሮፌሰሩን በር ላይ አገኘሁት። "በዚህ ጉዳይ እኮ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌያለሁ" አለኝ፣ አለማንበቤ ጥፋቴ እንደሆነ ሁሉ።

"ታዲያ ጥያቄው ሲነበብ ለምን ያኔውኑ አልመለሱም?"

"ስለዚህ ነበር እንዴ?" አለ፤ ከልቡ ገርሞት። "በጣም የሚያምር ነበር እኮ።"

ከዚያ ፎቶ ለመነሣት ጠሩት። ሁለቱ ምሁራን እጃቸውን አጣምረው፣ መሪው መሀል ሆኖ ተነሡ። የአቋም መግለጫው ከሁለት ቀን በኋላ በኢሜይል ደረሰኝ። ውይይቱ "ፍሬያማና ጥልቅ" ነበር ይላል። ስለ ጋሼ የተጻፈው "ከታዳሚዎች ልዩ ልዩ አስተያየቶች ቀርበዋል" የሚል ነው። ከስሩ በደማቁ የእኔ ጥያቄ ሰፍሯል፤ ጠያቂው ግን አልተጠቀሰም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ቀርቼ አብሬው ወደ ካውንቲው ፍርድ ቤት ሄድኩ። ጠበቃው ፋይል ተሸክሞ ኮሪደር ላይ እየሮጠ መጣ። ጋሼ በስብሰባው ማግስት፣ እሑድ፣ ያስጻፈኝን ወረቀት ሰጠው። ሦስት መስመር እንግሊዝኛ ነው፦ ዜጋ አይደለሁም፣ ሚስቴና ልጄ ቪዛ እየጠበቁ ነው፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳላማክር አልፈርምም። ጠበቃው ቆመ።

"ዜጋ አይደለህም?"

ለሁለት ወር ያህል የዚህ ሰው ጠበቃ ነበር፤ አልጠየቀውም። ዶክተሮቹን ለመናቅ ቸኩዬ ለእሱ የሚሆን ንቀት አላስቀረሁም ነበር፤ ያን ጠዋት ግን ተገኘለት።

ዳኛዋ አራት ሳምንት ሰጡ። በአራቱ ሳምንት ውስጥ ጋሼ ዳውንታውን አንዲት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አገኘ። ሴትዮዋ መንግሥት ከመደበለት ጠበቃ ጋር በስልክ ተነጋገሩ፤ ጠበቃው ከዓቃቤ ሕጉ ጋር ተነጋገረ፤ ዕፅ የሚለው ክስ ወጥቶ "ሥርዓት ማወክ" የሚል ገባ። ጋሼ ሰው ሰላም ያልኩበት ቀን እንጂ ያወክኩበት ቀን አላስታውስም አለ። ቢሆንም ሴትዮዋ ይህ አያስባርርም ስላሉት ተስማማ።

በቀጠሮው ቀን ጠበቃው አዲሱን ወረቀት ዘርግቶ መፈረሚያውን በጣቱ አሳየው። ጋሼ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እንዲያነብለት ጠየቀው። ጠበቃው አነበበ፤ እኔ እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ ነገርኩት፣ ያለ ምንም ጌጥ። ያልገባውን ሲያገኝ ያስቆመናል። የሁለተኛው ገጽ ግማሽ ላይ ጠበቃው ሰዓቱን አየ። ጋሼ ግን ጣቱን ወደሚቀጥለው መስመር አሳለፈ።