ለፎቶ አልቆም ያለው ሰማያዊ ዓሣ

ወልድያ ውስጥ የፎቶ ስቱዲዮ ነበረኝ። ሥራዬ ሰውን ወንበር ላይ ማስቀመጥ፣ አገጩን ቀና ማድረግና «ዓይንህን እንዳትጨፍን» ማለት ነበር። ለመታወቂያም ይምጣ ለምርቃት፣ ሁሉም ያልኩትን ይሰማል። ዓሣ ግን አይሰማም። ይህ የገባኝ ብዙ ከተናደድኩ በኋላ ነው።

ዓሦቹን ያመጣልኝ ከአዲስ አበባ ጭነት የሚያመላልስ ወንድሜ ነው። ሻጩ «ሲክሊድ ይባላሉ፣ ዘራቸው ከማላዊ ሐይቅ ነው» ብሎታል። ባለቤቴ መጀመሪያ ስታያቸው «ዓሣ ናቸው ወይስ ዶቃ?» አለች። ቢጫ አለ፣ ብርቱካን የመሰለ አለ። የሁሉም አለቃ ግን ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመር የወረደበት ሰማያዊ ወንድ ነበር። መብራት ሲያገኘው ከውስጡ የሚበራ ይመስላል። ሳሎን ውስጥ በመስታወት ገንዳ አስቀመጥናቸው። እኔም ያንን ሰማያዊ አንድ ጊዜ በደንብ አንስቼ፣ አሳድጌ፣ ስቱዲዮዬ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ቆረጥኩ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። በፍላሽ ሳነሳው የሚወጣው መስታወቱ ላይ ያረፈ የገዛ ፊቴና አንድ ነጭ የብርሃን ክብ ነው። ፍላሹን ሳጠፋ ደግሞ ዓሣው የተጎተተ ሰማያዊ ጭረት ይሆናል። ከገንዳው ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ዘረጋሁ፤ ፍላሹን ከላይ አደረግኩት፤ መጋረጃ ዘግቼ ጭንቅላቴን በባለቤቴ ጥቁር ሻርፕ ሸፈንኩ። ነጸብራቁ ጠፋ። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ለካ ይህ ዓሣ ሲፈራ ቀለሙ ይጠፋል! ከሩቅ ሳየው ሰማይ ነው፤ ካሜራ ይዤ ስጠጋ አመድ ይሆንና ድንጋይ ሥር ገብቶ ጅራቱን ይሰጠኛል።

«ቢጫዋን ለምን አታነሳም?» ትለኛለች ባለቤቴ። «እሷ እኮ ጭምት ናት።»

«እኔ የምፈልገው እሱን ነው።»

«እሱ ደግሞ አንተን አልፈለገህም።»

ባለቤቴ መሳቋ ያበሳጨኝ ነበር። ግን ከእሷ ጋር ስቄ ብተወው ይሻል ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ሌንስ ቀየርኩ፣ ውሃ ቀየርኩ፣ አሸዋውን ቀየርኩ። በመጨረሻ ካሜራውን በመቆሚያው ላይ አድርጌ ገንዳው ፊት ለፊት ተውኩት፤ እንዲለምደው ብዬ። እውነትም ቀስ በቀስ ለመደው። ቢጫዋም በዚያው ሰሞን አገጯ አብጦ መብላት አቆመች። የዚህ ዘር እናት እንቁላሏን በአፏ ውስጥ ነው የምትታቀፈው። ደስ አለኝ፤ እሱንም እሷንም አነሳለሁ ብዬ ጓጓሁ።

ጦርነቱ የመጣው ያኔ ነው። ከቆቦ በኩል ሰው ፍራሽና ድስት ተሸክሞ ይጎርፍ ጀመር። ቀጥሎ የከባድ መሣሪያ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ለዓሦቹ አየር የሚሰጠው ፓምፕ ቆመ። ዓሦቹ ውሃው ፊት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። እኔ በጣሳ ውሃ እየቀዳሁ፣ ከፍ አድርጌ መልሼ እያፈሰስኩ አየር ላስገባላቸው እታገላለሁ። ከውጭ የጎረቤት በር ሲቆለፍ ይሰማል።

«ሰው ከተማውን ለቆ እየወጣ አንተ ውሃ ታማታለህ?» አለች ባለቤቴ። ልብስ አስራ ጨርሳ ነበር። «መርሳ አጎቴ ጋ እንሂድ።»

ዓሦቹን ጥዬ አልሄድም አልኳት። ተጣላን። መጨረሻ ላይ እሷው ናት የጀሪካን አፍ በቢላ ቆርጣ ያቀበለችኝ፤ «ያዝና ውጣ!» ብላ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። ወያላው ጀሪካኑን ሲያይ ዘይት መስሎት ነበር። ዓሣ መሆኑን ሲረዳ ጮኸብኝ፤ «ለሰው ቦታ ጠፍቶ! ድፋው!» ጭኔ ላይ እይዘዋለሁ ብዬ ለመንኩት። አልፈረድኩበትም፤ ግን አልደፋሁም። መርሳ ስንደርስ ሱሪዬ ርሶ፣ ብርቱካንማዎቹ በሙሉ ሞተው ነበር። የተረፉት ሰማያዊው፣ እንቁላል የያዘችው ቢጫና ሁለት ሌሎች ቢጫዎች ናቸው።

የባለቤቴ አጎት የእናቷ ወንድም ናቸው፤ ከመርሳ ወጣ ብሎ የብርቱካንና የማንጎ ማሳ ያላቸው ሽማግሌ። በር ላይ አቅፈው ከሳሙን በኋላ ጀሪካኑን ጎንበስ ብለው አዩ።

«የሚበላ ነው?»

«አይ አባባ፣ የሚታይ ነው።»

«የሚታይ ዓሣ!» አሉ። «ሱብሃነላህ። በሉ ግቡ፣ እሱም ይግባ።»

ማሳው ዳር ከወንዝ በቦይ የሚሞላ ሰፊ የሲሚንቶ ገንዳ ነበራቸው። እዚያ ለቀቅናቸው። ይሞታሉ ብዬ ስጠብቅ ተመቻቸው። መርሳ ከወልድያ ይሞቃል፤ የገንዳው ግድግዳ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ እየነጩ ይበላሉ፤ ገንዳው ሰፊ ስለሆነ ፓምፕም አላስፈለጋቸውም።

ብዙም ሳይቆይ መርሳም በታጣቂዎች ተያዘች። መንገድ ተዘጋ፤ ስልክ የለ፣ መብራት የለ፣ ወፍጮ የለ። አጎቷ ካሜራዬን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ይህን ካገኙብህ ‹ለማን ነው የምታነሳው?› ይሉሃል። ዓሣ ነው ብትል ማን ያምንሃል? ቅበረው።»

እውነታቸውን ነው። በላስቲክ ጠቅልዬ የከብቶች ቤት ውስጥ ቀበርኩት፤ ጭድ ከመርንበት።

እንግዲህ ያ ዓሣ የሠራኝን ስሙ። ካሜራው አፈር ከገባ በኋላ እንደዚያ ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም። ፀሐይ ውሃው ውስጥ ስትገባ መስመሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። አይፈራ፣ አይሸሽ፤ ገንዳው ጠርዝ ላይ ስቀመጥ ራሱ ይመጣል! ቢጫዋም ልጆቿን ተፋች፤ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ዓሦች ከአፏ ወጥተው፣ ጥላዬን ሲያዩ ተመልሰው ሲገቡ አየሁ። እጄ ባዶ ነው።

ባለቤቴ አጠገቤ ቁጭ አለች። «በቃ፣ በዓይንህ እየው» አለችኝ።

«በዓይን ማየት ምን ያደርጋል?» ብዬ ጮኽኩባት። ተነሥታ ሄደች። በዚያ ሰሞን ለጩኸት ምክንያት አልፈልግም ነበር። ዱቄት እያለቀ ነው፤ የወንድሜ ወሬ የለም፤ የምናደድበት ነገር ሁሉ ከእኔ ትልቅ ነው። ዓሣው ትንሽ ስለሆነ ንዴቴ እሱ ላይ ያርፋል።

አንድ ቀን ታጣቂዎቹ ወደ ውርጌሳ አለፉ ተባለ፤ ሰፈሩ ጭር አለ። አላስቻለኝም፣ ካሜራውን ቆፍሬ አወጣሁት። ሌንሱ ውስጥ ላብ የመሰለ ነገር ይዟል። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ባትሪው ሊያልቅ ቀይ ያሳያል። ከላይ ካነሳሁት ጀርባው ብቻ ስለሚወጣ ከተሰበረ መስኮት አንድ መስታወት ወስጄ፣ ገንዳው ውስጥ ገብቼ ተንበረከክኩ። ከገንዳው ጥግ አንዱን በመስታወቱ ከለልኩና እሱን ወደዚያ አስገባሁት። ባለቤቴ መስታወቱን ያዘችልኝ፤ ከጩኸቴ በኋላ ያዘችልኝ። ካሜራውን ከውሃው ፊት ትንሽ ከፍ አድርጌ በአግድም ያዝኩ፤ ያደፈረስኩት ውሃ እስኪጠራ ጠበቅን። ሰማያዊው ክንፉን ዘርግቶ ዞረ። የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩ። ካሜራው አንዴ ቀጭ አለና ድርግም። ያነሳሁትን እንኳ ሳላይ ባትሪው ሞተ። መልሼ ቀበርኩት።

ብርዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ዓሦቹ ፈዘዙ፤ ጠዋት ፀሐይ ፍለጋ ውሃው ፊት ላይ ይወጣሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ረጅም እግር ያላት ወፍ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆማለች። ሮጥኩ። ስትነሣ አፏ ላይ የሚበራው እሱ ነበር።

ድንጋይ አነሣሁ፣ ወረወርኩ፣ ሰደብኳት። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አጎቷ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። አፈርኩ፤ በዚያው ሳምንት የጎረቤታቸውን ልጅ ቀብረው ተመልሰዋል።

«አባባ፣ ለዓሣ ነው የማለቅሰው» አልኳቸው፤ ይቆጡኛል ብዬ።

«ለዓሣ ብቻ አይደለም» አሉኝ። «አልቅስ፤ ይወጣልህ።»

መንገዱ ሲከፈት የተረፉትን ዓሦች እዚያው ገንዳ ውስጥ ትተን፣ ካሜራውን ቆፍረን ይዘን ወልድያ ተመለስን። የስቱዲዮዬ በር ተገንጥሏል፤ መብራቶቼና ማተሚያዬ የሉም። ቤታችን ውስጥ የዓሣው ገንዳ ለሁለት ተሰንጥቋል። ወንድሜ ግን ከነመኪናው ደህና ነበር። ኮምፒውተር ያለው ጓደኛዬ ጋ ሄጄ ያቺን አንዲት ፎቶ ከፈትኳት። ጥርት ብሎ የወጣው መስታወቱ ላይ የቀረ የባለቤቴ ጣት አሻራ ነው። ከጀርባው ሰማያዊ ጉም አለ። ጓደኛዬ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ካሜራውንም ላሠራው ብል ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ገብቶ አብቅቶለታል።

በበልጉ መርሳ ሄድኩ። ከትንንሾቹ መሃል ጎናቸው ወደ ሰማያዊ መሳብ የጀመረ አሉ። ፎቶ የሚያነሳውን የወንድሜን ስልክ ተውሼ ነበርና ጫማዬን አውልቄ ሱሪዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። አጎቷ ከማንጎው ሥር ሆነው አዩኝ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልግባና አንድ ላንሳቸው፣ አባባ።»

«ተው» አሉ። «ከመጡ ወዲህ ገንዳዬ ውስጥ የወባ ትንኝ ዕጭ አላየሁም፤ ሥራቸውን ይሠራሉ። ውሃውን አታደፍርስብኝ። ና፣ ብርቱካን ልቀም።»

ተናድጄ ጫማዬን መልሼ አጠለቅኩ።