የግራው ባሌስትራ

መኪና በእጄ ልሠራ ስነሳ ደባርቅ ውስጥ ያላሾፈብኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በሙያ ትምህርት ቤት መካኒክነት ያስተማሩኝ ጋሼ። እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፣ እኔ በቦታቸው አስተማሪ ሆኛለሁ። በአባቴ ግቢ፣ ቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ ከቱቦ ብረት ሻንሲ በይጄ፣ የአሮጌ መኪና ሞተር ጭኜ፣ ከኋላ ትንሽ መጫኛ አበጅቼ ሁለት ዓመት ደከምኩ። የቀረኝ የኋላ እግሯ ነበር። አክስሉን፣ ባሌስትራውንና ንዝረት የሚያበርደውን አሞርዛተር ከአንድ መኪና ላይ አንድ ላይ ማግኘት ፈለግሁ፤ ከየቦታው የተለቃቀመ እርስ በርሱ አይስማማም።

ዳባት፣ አንድ የአሮጌ ብረት ግቢ ውስጥ፣ ሊማሊሞ ላይ ገደል የገባች ፒክአፕ አገኘን። ፊቷ ተጨማድዷል። ኋላዋ ግን ጭረት እንኳ የለውም። ጋሼ ተንበርክከው ከሥሯ ሲያዩ ቆዩና፣

«ነይ እስቲ፣ ቁጠሪ» አሉኝ።

ባሌስትራ ጠፍጣፋ ብረቶች ተደራርበው የሚታሰሩበት፣ የመኪናውን ጭነት የሚሸከም ነው። በቀኝ አምስት ብረት ነበር። በግራ ስድስት። ስድስተኛዋ ፋብሪካ የሠራት አይደለችም፤ አንጥረኛ የቀጠቀጣት፣ የመዶሻው ምት ገና የሚታይባት ጥቁር ብረት ናት።

«ባለቤቱ በአንድ ወገን ብቻ ምን ሊጭን ኖሯል?» አልኩ።

የግቢው ጠባቂ ሰማኝ። «ባለቤቱ ሞቷል» አለና ወደ ሥራው ሄደ።

የኋላ እግሯን ገዝተን ወሰድን፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ገጠምነው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም በሲባጎ ለካን፤ አክስሉን አስተካከልን፤ የባሌስትራውን መያዣዎች ሻንሲው ላይ በየድኩ። ትርፏን ብረት አውጥቼ ግድግዳ ሥር አስቀመጥኳትና ሁለቱም ወገን አምስት አምስት ሆነ። መኪናዋን ከክሪክ ላይ ስናወርዳት በግራ በኩል ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

መጫኛዋ ባዶ ነው። የዳሱ ወለል ደልዳላ መሆኑን በውሃ ቱቦ ለካን፤ ልክ ነው። ጎማዎቹን አነጻጸርን፤ እኩል ናቸው። «የግራው ባሌስትራ ደክሞ ይሆናል» አሉ ጋሼ። ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አዛወርን፤ ቀኑን ሙሉ ፈጀብን። መልሰን አወረድናት። አሁንም በግራ ነው፤ አሁንም ሁለት ጣት።

ጋሼ ዕድሜያቸውን መኪና ሥር ተኝተው የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ለማንኛውም ብልሽት የሚሉት ነገር አያጡም። ያን ዕለት ግን እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው መፍቻዎቹን ሰበሰቡ። እኔ የመጫኛው ግራ ጥግ ላይ እጄን ባሳርፍ ብረቱ ሞቆ አገኘሁት፤ ሰው ተቀምጦበት አሁን የተነሳ ያህል። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ደመና ነበር። ለጋሼ አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ልንሞክራት ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ወጣን። ጭጋጉ ከገደሉ ተነስቶ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ቀስ ብዬ እነዳለሁ። መሪዋ ቀጥ ያለ ነው፣ ፍሬኗ ይይዛል። ጉድጓድ ላይ ስንደርስ ግን የቀኙ ኋላ ባዶ መኪና እንደሚዘለው ይዘላል፤ ግራው ጭነት እንዳለበት ለስለስ ብሎ ይወርዳል፣ ለስለስ ብሎ ይነሳል። ጋሼ ጆሯቸውን ወደዚያ እንደጣሉ አየሁ።

ዞረን ስንመለስ አንድ ጎልማሳ ገበሬ የገብስ ጆንያ ተሸክሞ እጁን አነሳልን። ቆምኩ።

«ከኋላ ጫንና እዚያው ተቀመጥ» አሉት ጋሼ።

ወደ ኋላ ሄደ። ሳይጭን ተመልሶ መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ።

«እኒያን አባት እግራቸውን እንዲሰበስቡ ንገሩልኝ። እኔ ብላቸው አይሰሙኝም።»

«የትኞቹን አባት?»

«ግራ ጥግ ላይ ያሉትን፣ ጋቢ የለበሱትን።»

ወረድን። መጫኛው ላይ ክሪክና የተጠቀለለ ገመድ ብቻ ነበር። ገበሬው መጫኛውን አየ፣ እኛን አየ። አማተበና ጆንያውን መልሶ ትከሻው ላይ አወጣ።

«እኔ በእግሬ ይሻለኛል» አለ። ጭጋጉ ውስጥ ከገባ በኋላ እርምጃው ወደ ሩጫ ሲለወጥ ሰማነው። እኔ እስከ ቤት ድረስ በመስታወት ወደ ኋላ አላየሁም።

ዳባት ደውለን ጠባቂውን ስንጠይቅ የሟቹ ሚስት እዚሁ ደባርቅ ልብስ ሰፊ መሆኗን ነገረን። ሱቋ ሄድን። የነገርናት የባሏን ባሌስትራ የገጠምንባት መኪና መዝመሟን ብቻ ነው። እግሯን ከስፌት መኪናው ላይ አነሳች።

«አሁንም በግራ ነው?» አለች።

ከዚያ ራሷ ነገረችን። ባሏ አንድ ቀን በጭጋግ ከታች ሲመጣ፣ መታጠፊያው ላይ የቆሙ ሽማግሌ ይጭናል። ከፊት ግቡ ቢላቸው እምቢ ብለው ከኋላ በግራ ጥግ ተቀመጡ። ደባርቅ ሲደርስ የሉም። መንገድ ላይ ወርደው ነው ብሎ ተወው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መኪናዋ ባዶዋን እየዘመመች አስቸገረችው፤ መካኒክ ሁሉ ሲያቅተው አንጥረኛ ዘንድ ሄዶ ያችን ብረት አስቀጠቀጠ።

«ታዲያ ገደል የገባው...» አልኩ።

«ከላይ የመጣ ከባድ መኪና ሲሸሽ ነው። እሳቸውን አልወቅስም» አለች። «ሰዎች ብቻውን ሞተ ሲሉኝ ነው የሚያመኝ። እኔ ብቻውን ነበር አልልም።»

ያን ዕለት ከሰዓት ትርፏን ብረት ወደ ቦታዋ መለስናት። ማሰሪያ ቡሎኖቹን እኔና ጋሼ ተጋግዘን አጠበቅን። አወረድናት። ለካን። ግራና ቀኙ እኩል ሆነ። ጋሼ እስከ ዛሬ፣ «ሻንሲውን ስትበይጂ ሙቀቱ አጣሞት ነው» ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ይህን ሲሉ ግን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሴትዮዋ ግቢያችን መጣች፤ ባሏ የወደቀበትን ቦታ አይታው እንደማታውቅ ነግራኝ እንድወስዳት ለመነችኝ። ቀኑ ብሩህ ነበር። ባሏ የወደቀበት ቦታ ስንደርስ ወርዳ ከገደሉ አፋፍ ራቅ ብላ ቆመች። አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ «እንሂድ» አለችኝ።

ወደ ደባርቅ ተመለስን። በሯ ላይ ሳወርዳት እጄን በሁለት እጇ ይዛ «እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ» አለች። ከዚያ ወደ መኪናዋ ኋላ ዞረች፤ ግራው ጥግ ጋ ቆማ፣ አባት ፊት እንደሚቆም ሰው ጎንበስ አለች።

«እርስዎም በሰላም ይግቡ» አለች፤ ገብታ በሯን ዘጋች።