በላባ የተያዘው ዓሣ

ካላክላ የሚባል ሰፈር ቤታቸው ተቀጥሬ የምሠራላቸው ሐጅ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። በወጣትነታቸው ውጭ አገር ሲማሩ የለመዱት አንድ አመል አላቸው፤ የዶሮ ላባ በክር ጠቅልለው መንጠቆ ላይ ያስራሉ፤ ላባዋ ዝንብ ትመስላለች። ጁምዓ ከሶላት መልስ ወንበራቸውን ተሸክሜ ነጭ አባይ ዳር እወስዳቸዋለሁ። ቀጭኗን ዘንግ ይዘው ክሩን ከራሳቸው በላይ ወዲያ ወዲህ ያወናጭፉና ላባዋን ውሃው ላይ ጣል ያደርጓታል። ዓሣ ሲያዝላቸው አገላብጠው አይተው መልሰው ይለቁታል። አጃኢብ እኮ ነው! በዚያ ሁሉ ፀሐይ የተቀቀልነው ለማየት ብቻ ነው? እኔ ወሎ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ምግብ ሲጣል አልወድም። ስነጫነጭባቸው ይስቁና ዘንጓን ያስይዙኛል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ለመድኩት።

ከተማው ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ልጆቻቸው ወደ ግብፅ ሄዱ። ሐጅ ቤቴን ለሌባ ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። እኔም ቀረሁ፤ ደግ ሆኜ አይደለም፣ መሄጃ አጥቼ ነው። ሱቆቹ ተዘረፉ፤ ዱቄቱም ምስሩም አለቀ። ሐጅ ከሰውነት ተራ ወጡ። አንድ ነገር ካላበላኋቸው እንደሚሞቱ ገባኝ።

ዘንጓን አንስቼ ብቻዬን ወንዝ ወረድኩ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ላባዋን የማስረው እኔ ሆንኩ። ስንት ቀን ባዶ እጄን ከተመለስኩ በኋላ አንድ ደህና ዓሣ ያዝኩ። መንገድ ላይ ኬላ የሚጠብቁ ታጣቂዎች አስቆሙኝ።

«ያ ሐበሺያ፣ የያዝሽው ምንድን ነው?» አለ አንዱ።

«የአንድ ሽማግሌ ራት ነው» አልኩት።

«ኸላስ፣ አበቃ፤ የኛ ራት ሆኗል» ብሎ ከእጄ ወሰደው። ለሐጅ ግን አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ ሌላ ያዝኩ። ይህኛውን በድንጋይ ገድዬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከለበስኩት ቶብ ስር ሆዴ ላይ አሰርኩት። ኬላው ላይ የቆሙት ሌሎች ነበሩ፤ ነፍሰ ጡር መስያቸው መንገድ ለቀቁልኝ።

ቀቅዬ፣ አጥንቱን ለቅሜ፣ ከመረቁ ጋር አድቅቄ በማንኪያ አቀረብኩላቸው። አፋቸውን ከፈቱ፤ መዋጥ ግን አቃታቸው። መረቁ በአገጫቸው ወረደ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው።

«ያ ቢቲ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንቺ ብዪው።»

«እርስዎ ካልበሉ ወላሂ አልበላም!»

ሳህኑን በጣታቸው ወደ እኔ ገፉት። በላሁ። እሳቸው እያዩኝ፣ ፊታቸው ተቀምጬ ሁሉንም በላሁት። ጣፈጠኝ። መጣፈጡ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሳይመሽ አረፉ። የሚያለቅስላቸው ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኼ አለቀስኩላቸው፤ ለዚያ የሚሆን አቅም የሰጠኝ ያ ዓሣ ነው።