የእናቴ ሁለተኛ ስንኝ

ይቅር በይው እያሉ የሚመክሩኝ ሰዎች ሁሉ ዘፋኙን ይወዱታል። እኔም እወደው ነበር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስማር ፎቶው ከአልጋዬ በላይ ተለጥፎ ነበር፤ ለክፍል ጓደኞቼ "የዳባት ልጅ እኮ ነው" እያልኩ እኮራበት ነበር። የአዝማሪ ልጅ ነው፤ አባቱ ሲያዜሙ የሰሙ ሰዎች ዛሬም ገበያ ውስጥ አሉ። እሱ ግን የሚኖረው አዲስ አበባ ነው፣ የዓመቱንም ግማሽ ውጭ አገር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዘፈኑን ቀንሶ ንግግር አበዛ። ከኋላው ባንዲራ ሰቅሎ ላይቭ ይገባል፤ ስለ ድንበር፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ ጎረቤት አገር መንግሥታት ይተነትናል። ቴሌቪዥኖችም ጋብዘው "እንዴት ያዩታል?" ይሉታል።

እኔ አራት ዓመት የተማርኩት ይህንኑ ነው። አሁን ዳባት ውስጥ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። ስለ ውጭ ግንኙነት እስካሁን የጠየቀኝ ሰው ፈተና የደረሰበት ተማሪ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝም የምመልስ አይመስለኝም። ከክፍሌ ውጭ ሦስት ሰው ከተመለከተኝ ድምፄ ይጠፋል።

እናቴ በዚህ እኔን አትመስልም። እሷ አልቃሽ ናት። በዳባት ዙሪያ ሰው ሲሞት ሙሾ እንድታወጣ የምትጠራው እሷ ነበረች። ማንበብ አትችልም፤ ለሟቹ የሚሆነውን ግጥም ቤቷን ዘግታ ስትወጣ ትጀምረውና ለቅሶው ቤት ደጃፍ ስትደርስ ትጨርሰዋለች። ሙሾዋ ሁልጊዜ በጥንድ ነው። "የመጀመሪያው ስንኝ ሰውን ያስነሣል፣ ሁለተኛው ያስቀምጣል። አስነሥተሽ ካላስቀመጥሽ ለቅሶ ሳይሆን ሁከት ነው" ትለኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ የወረደ አንድ የሠፈራችን ሰው ድንበር ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ከየትኛው ወገን እንደተተኮሰ በወጉ የነገረን የለም። በዚያው ሰሞን ዘፋኙ ደባርቅ ነበር፤ ከስሜን ተራራ አፋፍ ላይ ክሊፕ ሊቀርጽ መጥቶ ነው። ሐዘኑን ሰምቶ ካሜራ የያዘ ሰው አስከትሎ ለቅሶ ደረሰ። የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ፣ አለቀሰ። የሠፈሩ ወንዶች ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። እናቴ መሃል ገባችና እንዲህ አለች፦

ተነሥ ጎበዝ ተነሥ፣ ተሻገር ወንዙን፣
ጥይት ከመለሰው የሟቹን ወዙን።

ከኋላዋ ቆሜ ነበር። በመጀመሪያው ስንኝ ወንዶቹ ፎከሩ። በሁለተኛው ዝም አሉ፤ አንደኛው ጠመንጃውን አውርዶ አጥር ላይ አስደገፈው። የሟቹ ሚስት መሬት ላይ ተቀመጠች። እናቴ እንዳለችው ነው የሆነው፤ አስነሣች፣ አስቀመጠች።

በሁለተኛው ሳምንት ቪዲዮው ወጣ። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ "ተነሥ ጎበዝ ተነሥ፣ ተሻገር ወንዙን" ትላለች፤ ከሥር ከበሮ ተጨምሮበታል፤ ስንኙ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። ከዚያ ዘፋኙ ብቅ ይላል። "የዳባት እናት እንዲህ ካለች፣ እኔ ዝም የምል ማን ነኝ?" ይላል። ቀጥሎ ያ ጎረቤት አገር ምን እንደሚገባው ያስረዳል። የተቀመጠው ነጭ ሶፋ ላይ ነው። ሁለተኛው ስንኝ የለም።

የአጥር ጎረቤታችን አንድ ልጅ ነበራቸው። ነበራቸው ስል ያመኛል፤ አላቸው ለማለትም አልደፍርም። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፣ ባጃጅ ይነዳ ነበር። የእናቴን ድምፅ የስልኩ ጥሪ አደረገው። ከገበያ ስመለስ በባጃጁ ሲያደርሰኝ ስፒከሩን ከፍ አድርጎ "የናትሽ እኮ ነው! ኩሪ እንጂ!" ይለኝ ነበር። የዚያን ጊዜ ሁለተኛውን ስንኝ ልነግረው ይገባ ነበር። አፍሬ ፈገግ አልኩና ወረድኩ። በሰኔ ባጃጁን ግቢ አቁሞ፣ ቁልፉን ለእናቱ ሰጥቶ፣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ወደ ድንበሩ ሄደ። ሦስቱ ተመለሱ። እሱ ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም።

አንድ ቀን ጠዋት እናቱ በአጥሩ ቀዳዳ እናቴን ጠሯት።

"አንቺ ነሽ የላክሽው" አሏት። "በድምፅሽ ነው የሄደው። እኔ ስጮህ አልሰማኝም፣ አንቺን ግን ሰማ።"

እናቴ ከአጥሩ ፊቷን መለሰች። ወደ ቤት ስትገባ ተከትያት ገባሁና "ሁለተኛውን ለምን አትነግሪያቸውም?" አልኳት።

"ግማሹን ነው የሰማው ብላት ልጇን ያመጣላታል? ዝም በይ። አንቺም እንዳትነግሪያት።"

ወሬው ዳባትን ዞረ። ልጅ ለጥይት የምትልክ አልቃሽ አሏት። ከዚያ በኋላ አንድም ለቅሶ ቤት የጠራት የለም። የዕድሩ ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ነጠላዋን ታነሣለች፤ በሩ ድረስ ትሄድና ቆማ ታዳምጣለች፤ ተመልሳ ትሰቅለዋለች። ወራት ሙሉ ይህንን አየሁ። አርባ ዓመት በሰው ሐዘን ላይ የቆመች ሴት እቤቷ ውስጥ ጥሩምባ ስትሰማ ትደነግጥ ጀመር።

ለዘፋኙ ጻፍኩለት። ጨዋ ደብዳቤ ነበር፣ አርሜ አርሜ የጻፍኩት፦ የእናቴ ግጥም ሁለት ስንኝ ነው፣ እባክህ ሙሉውን አውጣው፣ በዚህ ምክንያት ጉዳት ደርሷል። መልሱ የባንዲራና የልብ ምስል ነበር። እንደገና ጻፍኩ። ዝም። በሦስተኛው ከቪዲዮው ሥር ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ሁለተኛውን ስንኝ ጻፍኩት። ኔትወርክ ተቋርጦ በማግስቱ ሲመለስ ጽሑፌ ጠፍቷል፣ እኔም ታግጃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠበቅ ጀመርኩ። ዓይናፋር ሰው የሚዋጣለት ነገር ቢኖር መጠበቅ ነው።

በጥር ደባርቅ ላይ ሰርግ ሆነ። ሙሽራዋ የጎረቤታችን የወንድም ልጅ ናት፤ ሙሽራው የዘፋኙ የአጎት ልጅ። ዘፋኙ እንደሚመጣ የሰማሁት ከሁለት ወር በፊት ነበር። እናቴ አልተጠራችም። እኔን የጠራችኝ ሙሽራዋ ናት፤ አስተምሬያታለሁ። አብራኝ ከምታስተምር ጓደኛዬ ጋር በሚኒባስ ሄድን። ጎረቤታችን ቀድመውን ደርሰው ከሴቶቹ ጋር የገብስ ጠላ ይቀዱ ነበር። ሰላም አልኳቸው። በአገጫቸው መለሱልኝ።

የያዝኩትን ለማንም አልነገርኩም። በእኛ አገር አዝማሪ ባለበት ግጥም መስጠት የማንም መብት ነው። ሰጪው ስንኙን አንድ በአንድ ይነግረዋል፣ አዝማሪው ይቀበልና በድምፁ ያወጣዋል። የሚቀበለውን አይመርጥም። ራሱን የሚሰድብ ቢሆን እንኳ ይለዋል፣ ሰው ይስቃል፣ እሱም ይሸለማል። ሰጪው ድምፅ አያስፈልገውም። እኔ ድምፅ የለኝም፤ ያ ሰው ግን አገር የሚያውቀው ድምፅ አለው። ሁለት ወር ሙሉ ያሰብኩት ይህንን ነበር።

የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱ ዛሬ ዘፋኝ ነው፣ አዝማሪ አይደለም፤ መሰንቆ ካልያዘ ማንም አያስገድደውም። ለሰርጉ የተቀጠሩት አዝማሪ ሸምገል ያሉ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ከምሳ በኋላ ዳሱ ሞቅ ሲል ዘፋኙ ኮቱን አወለቀና ወደ እሳቸው ሄደ።

"እስቲ አባባ፣ መሰንቆዎን ላንድ አፍታ። እጄ ዝጎ እንደሆነ ልየው!"

ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ስልኮች ወጡ። ጓደኛዬም ስልኳን አወጣች። እሱ ክሩን ቃኘና መሃል ቆመ። "ግጥም ስጡኝ! ያገሬ ሰው ግጥም ጠፋበት እንዴ?"

ብድግ አልኩ። ጓደኛዬ ነጠላዬን ያዘችኝ። "ወዴት ነው? ሽንት ቤቱ በዚያ በኩል ነው።"

ነጠላዬን አስለቀቅኳት። ጆሮው አጠገብ ደርሼ የመጀመሪያውን ስንኝ ነገርኩት። ፊቱ በራ። "ስሙማ! የእናታችን ናት! እዚህም ደረሰች!" አለና አወረደው። ተነሥ ጎበዝ ተነሥ፣ ተሻገር ወንዙን። ጎረምሶቹ ዘለሉ። ጎንበስ አለልኝ፤ ሁለተኛውን ነገርኩት።

የመሰንቆው እጁ ቆመ።

"ምን አልሽ?"

ደገምኩለት።

"የኔ እህት፣ ሰርግ እኮ ነው። ሞቅ ያለ ነገር ስጪኝ።"

ካለሁበት ንቅንቅ አላልኩም። ከሽማግሌዎቹ ወገን አንዱ "ተቀበል እንጂ!" አሉ።

"አዲስ አበባ ጆሮውን ደፈነችው እንዴ?" አለ ሌላው።

"ሴት ልጅ ሰጠችህ፣ ምን ያሽኮረምምሃል!"

ሳቅ ሆነ። ያኔ ቀጭኑ አዝማሪ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ ረጋ ብለው፣ "ጌታው፣ መሰንቆ የያዘ የተሰጠውን ይላል። እርስዎ የማይሉት ከሆነ መሰንቆዬን ይመልሱልኝ" አሉ።

በዚያ ሁሉ ስልክ ፊት መሰንቆ መመለስ ለአዝማሪ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ስንኙን አለው። ጥይት ከመለሰው የሟቹን ወዙን። ድምፁ ዛሬም ያምራል፤ አልክድም። ሳቁ ቀጥ አለ። ከጎረምሶቹ አንዱ "ለካ እንዲህ ነው?" ሲል ሰማሁት። ጎረቤታችን ከኋላ ጆጉን እንደያዙ ቆመዋል።

እሱ የጨረስኩ መስሎት ቀና አለ። እጄን አንሥቼ አስቆምኩት። የቀረው የእናቴ አልነበረም፤ ራሴ የገጠምኩት ነው። ስንኙን አንድ በአንድ ነገርኩት፣ ለመነኝ በዓይኑ፣ ሽማግሌዎቹ "ተቀበል!" አሉ፣ ተቀበለ፦

ግማሽ ቃል ቆርጬ ካልቃሿ አፍ ላይ፣
እኔ ሶፋዬ ላይ፣ ልጅሽ ሜዳ ላይ።

"ልጅሽ" ሲል በጣቴ ጎረቤታችንን አሳየሁት። አያቸው። እሳቸውም አዩት። ቃሉ ከአፉ እስኪያልቅ ዓይኑን እንዳይነቅል ጣቴን አላወረድኩም። ወጉ ሰጪ አዝማሪውን እንዲሸልም ነው። አልሸለምኩትም። ወደ ቦታዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ጎረቤታችን መጥተው አጠገቤ ቆሙ። "ሁለተኛም ነበረው?" አሉኝ።

"ነበረው።"

"ለምን ሳትነግሩኝ ቀራችሁ?"

"እናቴ ከለከለችኝ። አንቱን ማሳመም መስሏት።"

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ከዚያ በኋላ ዘፋኙ ያደረገውንም ልናገር ይገባል። መሰንቆውን ለባለቤቱ መለሰና ማይክ ያዘ። ቪዲዮውን የቆረጠው ሠራተኛው እንደነበር፣ እሱ ግን አይቶ እንዳለፈው ተናገረ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። የማላውቀውን ነገር አወራሁ። አልቃሿንም እኚህንም እናት ይቅርታ እጠይቃለሁ" አለ፤ አለቀሰ፣ ጎረቤታችን እግር ሥር ወደቀ። የውሸት አልመሰለኝም። ጓደኛዬ ሁሉንም ቀርጻዋለች።

ዳባት ስንመለስ ቪዲዮውን ላከችልኝ። ሁለተኛው ግጥም የሚያልቅበት ላይ፣ አፉ ገና ሳይዘጋ፣ ቆረጥኩት። ይቅርታውን አስቀረሁና የቀረውን ለቀቅኩት። በሦስት ቀን ውስጥ አገር አየው። "ሶፋዬ ላይ" የሚለው መሳለቂያ ሆነ፤ ላይቭ በገባ ቁጥር ስለ ድንበር ሊያወራ አፉን ሲከፍት ሰዎች የሶፋ ምስል ይደረድሩለታል። ቴሌቪዥኖቹም መጋበዛቸውን ተዉ። እገዳውን ራሱ አንሥቶ ጻፈልኝ፦ "እህቴ፣ ይቅርታ ስጠይቅ የተቀረጸውንም አውጪው እንጂ። ሰው እንደ ጨካኝ ቆጠረኝ።" የባንዲራና የልብ ምስል ላክሁለት። ከዚያ አገድኩት።

ከሰርጉ ሦስት ሳምንት በኋላ ጠዋት ጥሩምባ ተነፋ። እናቴ እንደ ልማዷ ነጠላዋን አንሥታ በሩ ላይ ቆመች። በአጥሩ ቀዳዳ ድምፅ መጣ።

"አንቺ! ምን ትጠብቂያለሽ? ልበሺና ነይ፣ አብረን እንሂድ።"

አብረው ሄዱ። ከኋላቸው ነበርኩ። ጎረቤታችን "እስቲ ሁለተኛውን በይልኝ" አሏት። እናቴ አለችላቸው። ትንሽ ሄደው "እስቲ ድገሚው" አሉ። ለቅሶው ቤት እስክንደርስ ስንት ጊዜ እንደደገመችው አልቆጠርኩም። በዚያ ቀን እናቴ ከወራት በኋላ ሙሾ አወጣች፤ አስነሣች፣ አስቀመጠች።

ማታ እራት ስንበላ "ይቅርታ ጠይቋል አሉ" አለችኝ። "ጎረቤቴ ነገረችኝ። እግሯ ሥር ወድቆ።"

"አዎ።"

"ሰው የሚያየው ላይ ግን የለም አሉ።"

እንጀራ ቆረስኩ።

"ሙሉውን አውጪው። እኔ ቃል የሚቆርጥ ልጅ አልወለድኩም።"

"እሺ" አልኳት። ይህ ከሆነ አራት ወር አልፎታል። እናቴን ዋሽቻት አላውቅም ነበር።

ይቅርታው ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው፤ ስልኬ ውስጥ አለ። እሱ ያደረገውን እኔም እንዳደረግኩ አላጣሁትም። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በአጥሩ ቀዳዳ ባጃጁ ይታየኛል፤ ሸራ ለብሷል፣ ጎማው ተንፍሷል፣ ዶሮዎች ወንበሩ ላይ ይተኛሉ። ቁልፉ ጎረቤታችን አንገት ላይ ከማተባቸው ጋር ታስሯል። ልጁ መጥቶ ያንን ባጃጅ ያስነሣ ዕለት ሙሉውን አወጣዋለሁ።