የተነከሰው ቅጠል

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ጾም በገባ ቁጥር ትንንሾቹን ኃጢአቶቼን እደረድርና ይቺን ዘልዬ እነሳለሁ። ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከጎጃም ጅማ ተመድቤ ስመጣ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ እማማ ዘይነባ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሌላ ከተማ የተዛወረ ባልደረባዬ ጥላ የሚወድ ተክል ትቶልኝ ሄደ፤ ቅጠሉ ሰፋፊ፣ ነጭ የተረጨበት። «ፈሳሹ አፍ ያሳብጣል፣ ከሕፃን አርቀው» ብሎኝ ነበር። ሰምቻለሁ። ግን መስኮቱ ላይ ፀሐይ እያቃጠለው ሲያስቸግረኝ መሬት፣ ከአልጋዬ ግርጌ አወረድኩት። የእማማ ዘይነባ የልጅ ልጅ፣ የሁለት ዓመቱ ኢምራን፣ የክፍሌን በር እየገፋ እንደሚገባ እያወቅኩ አወረድኩት። ያኔ ሚስትም ልጅም የለኝ፤ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወልኩ አዋራው ነበር። ብትስቁብኝ አልቀየምም።

ተክሉ የተተከለበት ማሰሮ ሲጠበው ጫልቱ የምትባል ሸክላ ሠሪ ከሥሩ የተበሳ ሰፊ ማሰሮ እንድትሠራልኝ አዘዝኳት። ቅዳሜ ጠዋት አመጣችልኝ። ግቢው ውስጥ ኢምራንን አይታ «እንዴት ያምራል!» አለች፤ ማሻአላህ ሳትል። ከዚያ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ የልጁ ከንፈርና ምላስ አበጠ። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ማልቀስ እንኳ አቃተው። «ያ ረቢ! በዓይኗ በላችው!» ብለው እማማ ዘይነባ ጮኹ። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት ሲባል ያልሰማ የለም። እኔ ክፍሌ ስገባ ከታችኛው ቅጠል ላይ የትንንሽ ጥርሶች ንክሻ አየሁ። ምን አደረግኩ? ቅጠሉን ቀንጥሼ ኪሴ ከተትኩት። እኔ ነኝ የቀነጠስኩት። እኔ ነኝ የደበቅኩት።

ለምን? ከቤት እንዳልባረር? እሱም አለበት። የባሰው ግን ባዮሎጂ እያስተማረ፣ ተነግሮት እንኳ ያልተጠነቀቀ መባልን መፍራቴ ነው። «ሐኪም ቤት ውሰዱት» አልኩ፤ ምክንያቱን ግን ዋጥኩት።

በማግስቱ እብጠቱ መጉደል ጀመረ። እንደሚጎድል አውቅ ነበር። ያን ጊዜ እማማ ዘይነባና ጎረቤቶቹ ጫልቱን አስጠርተው፣ ዓይኗ እንዲለቀው ልጁ ላይ እንትፍ እንድትል ያዟት።

«አኒ ማል ጎዴ? ምን አደረግሁ?» እያለች ዞር ዞር ብላ እኔን አገኘችኝ። «ጋሼ መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ይንገሯቸው!»

«እንትፍ በይና ተገላገይ» አልኳት።

ተፋች። ማታ ልጁ ወተት ጠጣ። መዳኑ ምስክር ሆነባት። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ውስጥ ማሰሮ የሚገዛት ጠፋ። ተክሉን ልጥለው ስንቴ ተነስቼ አሳዘነኝ። አያችሁልኝ? ለቅጠል አዘንኩ!

ዓመታት አለፉ። በቀደም አጋሮ ገበያ ከማሰሮዎቿ ኋላ ተቀምጣ አየኋት። አንዲት እናት ልጅ አዝላ ዋጋ ልትጠይቃት ቀረበች። ጫልቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ዓይኗን መሬት ተከለች፤ ልጁን ላለማየት። ዋጋውን ለመሬቱ ነገረችው። ላናግራት ይገባኝ ነበር። በሌላ መንገድ ዞሬ ወጣሁ።

ልጅነት ነው አልልም። ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም። ይቅር በሉኝም አልላችሁ፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኳት ሴት፣ እስከ ዛሬ ድረስ፣ «ልጁን የጎዳሁት እኔ ነኝ» ብላ ታምናለች።