ከቄራ እስከ ኩርባው

ዓብዱልቃድር ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። አርባውን ያሳለፈው ቄራ፣ ከከብት በረቱ አጥር ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ሳይክል ሲፈታና ሲገጥም ነው። ሞተር ቆሞ ሲያጉረመርም ሰምቶ በሽታውን ይናገራል። አንድ ነገር ግን ይቆጨዋል፤ ሞተር ያለ የሌለ አቅሙን አውጥቶ ሲሮጥ በዐይኑ አይቶ አያውቅም። የጠገነውን ባለቤቱ አስነስቶ ይሄዳል፤ ከማዞሪያው ወዲያ ደግሞ ሚኒባስ ይጋርደዋል።

«የወለድኩት ልጅ ሲሮጥ ሳላይ ልሞት ነው እኮ» ይላል አንዳንዴ፣ እንደ ቀልድ።

ከቢሾፍቱ ወዲያ አስፋልት ተዘግቶ የሞተር ውድድር ሊደረግ መሆኑን የሰማ ዕለት እንቅልፍ በዐይኑ አልዞረም። በሚኒባስ መሄድ ይችል ነበር። እሱ ግን በጉዚው ካልሆነ አልሄድም አለ። ጉዚው በዕድሜ የሚበልጠው የጣሊያን ሞተር ነው፤ ካዛንቺስ አንድ አሮጌ ግቢ ሲፈርስ ከፍርስራሹ ሥር ዝጎ ተገኘ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዕቃ ሲለቅምለት፣ ያጣውን በእጁ ሲቀርጽለት ኖረ።

አብሮት የሚሄደው ፍሰሃ ነው፤ ከጋራዡ ፊት ለፊት ሥጋ ቤት ያለው የሠላሳ ዓመት ወዳጁ። ሁዳዴ ስለሆነ ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ እንደወጣ ነጠላውን አጣጥፎ ከኋላ ተፈናጠጠ።

«ዓብዱ፣ ቀስ በል። ለትንሣኤ መድረስ እፈልጋለሁ።»

«አርፈህ ያዝ። አንተን የጫነ ሞተር እንኳን ሊበር መራመዱም ተአምር ነው።»

ቃሊቲን አለፉ፣ አቃቂን አለፉ። ጉዚው ጉሮሮውን እንደጠረገ ሽማግሌ ደህና ያዜም ነበር። ዱከም መግቢያ ላይ ግን አንድ ውሻ ከኋላቸው ተነሣ። ከዚያ ሁለት ሆኑ፤ ከዚያ አምስት።

«ምን ሆነው ነው?» አለ ዓብዱልቃድር።

ፍሰሃ አሸተተ። «ዓብዱ፣ ጾም ላይ ነኝ! ጥብስ ጥብስ ይሸታል!»

ቆሙ። ከሞተሩ ሆድ ዘይት እየተንጠባጠበ፣ ጢስ እየወጣ ነው። ዓብዱልቃድር ወዲያው ገባው። ከክዳኑና ከሞተሩ መካከል ገብቶ ዘይት የሚያግደው ጓርኒሲዮን ገበያ ላይ ጠፍቶ፣ ፍሰሃ ከሰጠው የበሬ ቆዳ ቆርጦ፣ ሞራ አጥግቦ ነበር የገጠመው። መስቀል ፍላወር ድረስ ሞክሮት ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። አሁን ሞራው ቀልጦ ቆዳው ተኮማትሯል።

«ቆዳ እኮ እሳት ሲነካው ይሸበሸባል» አለ ፍሰሃ።

«ታውቅ ነበር?»

«ሕፃን የሚያውቀውን! አንተስ ሞተር እንደሚግል አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለ ፍሰሃ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ተያዩና ሳቁ። ፍሰሃ አከለበት፤ «ወይ የክርስቲያን በሬ ስለሆነ ነው፤ የእስላም ሞተር ላይ አልቆይም ብሎ።»

ሳቁ ግን አልዘለቀም። ውድድሩ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል፤ ሞተሩ ካልበረደ ደግሞ አይፈታም። አንድ ሚኒባስ «ቢሾፍቱ! ቢሾፍቱ!» እያለ አጠገባቸው ቆመ።

«ሞተሩን እዚህ መንገድ ዳር ላለው ባለሱቅ አደራ እንስጥና እንግባ» አለ ፍሰሃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካልሆነ ሳታየው ትቀራለህ።»

ዓብዱልቃድር ሚኒባሱን አየ፣ ጉዚውን አየ። «አንተ ሂድ» አለ። «እኔ ይኼን ሞተር ውሾች መሀል ጥዬ ሄጄ ምኑን አያለሁ?»

ሚኒባሱ ሳይጭናቸው ሄደ። ፍሰሃ ከሱቁ የብስኩት ካርቶንና የሞተር ዘይት ይዞ መጣ። ብረቱ እስኪበርድ ጠበቁ። ዓብዱልቃድር ካርቶኑን ክዳኑ ላይ አንጥፎ ጠርዙን በመዶሻ እያንኳኳ ልኩን አወጣ፤ በፍሰሃ ሰንጢ ቆረጠው፣ ዘይት ውስጥ ነክሮ ገጠመው። ሲጨርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ምንም አልቀራትም።

የተዘጋው መንገድ ጋ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ቆሟል። «የመጨረሻው ዙር ነው» አላቸው አንድ ፖሊስ። ዓብዱልቃድር ሰው እየገፋ ኩርባው ጫፍ ላይ ወጣ።

መጀመሪያ ድምፁ መጣ፤ አንድ ቀጭን ጩኸት፣ ጥርስ ውስጥ የሚገባ። ከዚያ ቀይ ሞተር ከዳገቱ ሥር ብቅ አለ፤ ኩርባው ላይ ሲደርስ ወደቀ ብሎ ዓብዱልቃድር ጮኸ። አልወደቀም። ተጋድሟል እንጂ። የነጂው ጉልበት አስፋልቱን እየፋቀ፣ ጎማው በአንድ ጣት ስፋት ብቻ መሬት ይዞ፣ ያ ሁሉ ብረት በጎኑ ተኝቶ ያልፋል። በዚያ ጩኸት ውስጥ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ፣ ቫልቩ ሲከፈትና ሲዘጋ አንድ በአንድ ታየው። በእጁ ሺህ ጊዜ የያዛቸው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር በሆዳቸው እንዳለ ግን አንድም ቀን አልነገሩትም። ሌሎቹ ተከትለው አለፉ። ነፋሳቸው ቆቡን ወሰደው። ከዚያ መንገዱ ጸጥ አለ።

«ማን ቀደመ?» አለ ፍሰሃ።

ዓብዱልቃድር አልሰማውም። ሰው መበተን ጀመረ፤ ፖሊሱ ገመዱን እየሰበሰበ መጣ። «አባባ፣ መንገዱ ሊከፈት ነው፤ ዞር ይበሉ።»

«አንድ ጊዜ፣ ልጄ።»

ወደ ኩርባው ወርዶ ቁጢጥ አለ። ጎማዎቹ ጥቁር መስመር ትተዋል። መዳፉን አሳረፈበት፤ ገና ትኩስ ነው። እስኪቀዘቅዝ ድረስ አላነሣውም።