መቀርቀሪያው በልጅቷ በኩል

ሲግናል አካባቢ ባለ አንድ የብረታ ብረት ቤት ሥራ በጀመርኩበት ቀን አንድም ብረት አልበየድኩም። ባለቤቱ ጋሽ ታደለ አዲስ የላሜራ በር ወደተገጠመለት ዕቃ ቤት አስገቡኝና «ዝጊው» አሉኝ። ዘጋሁት።

«ምን ሰማሽ?»

«ምንም።»

«ካላንቋቋ እንግዲያው በር ነው ማለት ነው። ነገ ቱታ ይዘሽ ነይ።»

ቴክኒክና ሙያ ጨርሼ ስለመጣሁ ብየዳ የማውቅ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ለወራት ብረት በመለካትና ዝገት በመጥረግ አቆዩኝ። ከረዳትነት ወደ በያጅነት፣ ከበያጅነት ወደ ፎርማንነት ያደግሁት ቀስ ብዬ ነው። ደንበኛ መጥቶ «የምትበይደው ሴት ናት እንዴ?» ሲል ጋሽ ታደለ ቀና እንኳን ሳይሉ «ካልገጠመልህ መልሰው» ይሉታል። የመለሰ ሰው አላስታውስም። ይህን ስጽፍ እየኮራሁ ነው፤ ምን ላድርግ።

ከሁሉም በላይ የምኮራበት ሥራ ግን ከካራ ወጣ ብሎ ያለው የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ያሉ የገበሬ ልጆች ስምንተኛን ሲጨርሱ የሚቀጥሉበት ትምህርት ቤት ሩቅ ነው፤ መንገዱም በባሕር ዛፉ ውስጥ ለውስጥ ያልፋል። አንዲት ተማሪን እዚያ ጫካ ውስጥ ሰዎች አሳደዷት፤ ሮጣ አመለጠች። ከዚያ ወዲህ አባቶች ሴት ልጆቻቸውን ቤት ማስቀረት ጀመሩ። በትምህርት ቤቱ አጠገብ ማደሪያ የታሰበውም ለዚህ ነው። በርና መስኮቱን እኔ ያዝኩ።

ወላጆች በጉልበት ያግዙ ስለነበር ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ገበሬ በየቀኑ እየመጡ አሸዋ ያቀብሉ ነበር። ልጃቸው ጫልቱ ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ነው። ግድግዳውን በጡጫ ይመታሉ፤ የመስኮቱን ፍርግርግ ይዘው ይነቀንቃሉ። «ቤቱን ካላመንኩት ጫልቱ ትምህርቷን ታቆማለች» ብለው ፊት ለፊት ነገሩኝ። ተናደድኩ። በእኔ ብየዳ ላይ እንዲያ የተንጠለጠለ ሰው አይቼ አላውቅም! ፍርግርጉ ግን ንቅንቅ አላለም።

የመኝታ ክፍሎቹን በሮች ስገጥም መቀርቀሪያው በውጪ በኩል ነበር። የሕንፃው ሥዕል እንደዚያ ያዛል፤ ማታ ጥበቃው ይዘጋል፣ ጠዋት ይከፍታል። እኔንም ደስ አላለኝም፤ ግን ሥዕል ሥዕል ነው ብዬ ቀጠልኩ። ኦቦ ገመቹ አካፋቸውን አስቀምጠው መጡ።

«ልጄ፣ ይሄ የሚዘጋው በየት በኩል ነው?»

«በውጪ ነው፣ አባባ።»

«እኔ ማታ ማታ በውጪ የምዘጋው በረቴን ነው። በሬ እጅ የለውም። ጫልቱ ግን እጅ አላት።»

ጋቢያቸውን አንስተው ወደ ተራራው ወጡ። በማግስቱ አልመጡም።

የሥራው ኃላፊ ወጣት መሐንዲስ ነበር። ደወልኩለትና መቀርቀሪያው ወደ ውስጥ ይዙር አልኩት።

«አስቱዬ፣ አርብ እኮ ርክክብ ነው!» አለኝ። «ደግሞ አንዷ ከውስጥ ዘግታ ብትታመምስ? ማን ይከፍትላታል?»

ነገሩ እውነት ነው። አሰብኩበትና «ከመቀርቀሪያው አጠገብ ከውጪ የምትከፈት፣ እጅ የምታስገባ ትንሽ መስኮት እሠራለሁ። ቁልፏ አብራቸው ከምታድረው ሴት ተቆጣጣሪ ጋ ብቻ ይቀመጥ» አልኩት።

ወረቀት ሲገልጥ ተሰማኝ። «ኦኬ፣ ሥዕሉን አስተካክላለሁ። ግን አርብ ማለት አርብ ነው።»

የሰቀልኳቸውን በሮች መልሼ አወረድኩ። መቀርቀሪያዎቹን በግራይንደር ቆርጬ አነሳሁ፤ ቀዳዳውን ደፍኜ፣ አለስልሼ፣ በውስጥ በኩል እንደገና በየድኳቸው፤ ከአጠገባቸው ትንንሾቹን መስኮቶች ከነቁልፋቸው ሠርቼ ጸረ ዝገት ቀባሁ። ጋሽ ታደለ ሰምተው ኖሮ ወገባቸውን እያመማቸው በሚኒባስ መጡና በሮቹን ሲይዙልኝ ሰነበቱ። ኦቦ ገመቹ አርብ እንዲመጡ በጎረቤታቸው በኩል ላክሁባቸው። አርብ ጠዋት እያንዳንዱ ክፍል ገብቼ ዘጋሁ። ምንም አልሰማሁም።

ኦቦ ገመቹ ጫልቱን አስከትለው መጡ። ሰላምታውን ቶሎ ጨርሰው «ግቢና ዝጊ» አሏት። ገብታ ዘጋች። ጋቢያቸውን አወለቁና በሩን በትከሻቸው ገፉት። ወደ ኋላ ሄደው ተንደርድረው ደገሙት።

«ኧረ አባባ፣ ቀለሙ አልደረቀም!» አለ መሐንዲሱ።

በሩ አልተነቃነቀም።

«ጫልቱ!»

«አቤት፣ አባዬ!»

«ክፈቺ።»

«እምቢ ብልስ?» አለች ከውስጥ። ሳቋ ይሰማል።

ኦቦ ገመቹ ዞረው አዩኝ። ሸሚዛቸው ቀለም በቀለም ሆኗል። «እምቢ አለችኝ እኮ!» አሉ፤ ፊታቸው ሁሉ ሳቅ ነበር። ከዚያ ደጅ ካሰሯት አህያ ላይ የጫልቱን ፍራሽ ሊያወርዱ ሄዱ። ጭነው እንደመጡ ማናችንም ልብ አላልንም ነበር።

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው። ሥዕሉን ተከተሉ፤ ውሃ ልኩን እመኑ። መቀርቀሪያውን ግን ውስጥ በምታድረው ልጅ በኩል አድርጉት።